ቸርኬዎቼ ምድር ቤት ናቸው

ጀርመን ከገባሁ 14 ዓመት ሞላኝ። መኪና አለኝ። ላሳምራት ብዬ መንካት ግን አልችልም። ይሄ ነገር እንዲህ ሲያንገበግበኝ እንደኖረ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ቤት፣ በርጫ ላይ።

ዓርብ ከሰዓት ነበር። ከጁምዓ መልስ ጀማው ተሟላ። ወሬው ከኳስ ተነሳ፣ በቡና ዋጋ አለፈ፣ እንደ ሁልጊዜው መኪና ላይ አረፈ። ሁሉም የሚነዳውንና ወደፊት ሊያደርጋት ያሰበውን ተራ በተራ ያቀርባል። የእድር ሪፖርት በሉት።

ባለ ቪትዙ ቀደመ። ቪትዟ ጃፓን ስትወለድ መሪዋ በቀኝ ነበር፣ ዱባይ ላይ ነው ወደ ግራ የዞረው። እስከ ዛሬ ፍሬቻ ላሳይ ሲል የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። እሱ ምንም አይመስለውም። እኔ ግን ጀርመናዊ የመኪና መርማሪ ይሄን ሲሰማ ታየኝና ሳቄ መጣ። ሰውዬው ራሱን ይስታል! የጓደኛዬ ዕቅድ ስፔሰር አስገብቶ ከፍ ማድረግ፣ አዲስ ቸርኬ መግጠምና ትልቅ ስክሪን መለጠፍ ነው።

ከፍ ማድረግ የምትለዋን ያዙልኝ። እኔ ያለሁበት አገር ወጣቱ መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ነው የሚከፍለው። የሲጋራ ፓኮ ከስሯ እስከማያልፍ ድረስ። ያቺን መኪና ክረምት ላይ ጅማ አምጧት እስቲ። ከሂርማታ ተነስታ አጂፕ ሳትደርስ ማርሚታዋን መንገድ ላይ ጥላ ትመጣለች።

ባለ ዲኤክሱ ቀጠለ። ኮሮላዋ ከሁላችንም ትበልጣለች። ሞተሯ ተቀይሯል። ካምቢዮዋ ተቀይሯል። ቦዲዋን ባቲላሜራ ስንቴ እንደቀጠቀጠው እሱም ረስቶታል። «ከመጀመሪያዋ መኪና የቀረው ሊብሬው ብቻ ነው» ይላል ራሱ። ግን ጅሬን ዳገትን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ፣ ሰባት ሰው ጭና ትወጣለች። ዕቅዱ ቀለም ነው። ሰማያዊ። የዛሬ አምስት ዓመት ስመጣም ዕቅዱ ሰማያዊ ነበር።

ከሁሉም ያሰበውን ፈጽሞ የተገኘው ባለ ባጃጁ ልጅ ነው። ዘርፍ፣ የሚያብረቀርቅ መብራት፣ ከኋላ በትልቁ «ማሻአላህ»፣ ከወንበሩ ስር የባጃጇን ግማሽ የሚያህል ስፒከር። ቀጣዩ ዕቅድህ ምንድን ነው ስንለው «ሁለተኛ ስፒከር» አለ። ተሳፋሪው የት ይቀመጣል ብሎ የጠየቀ የለም።

«አንተስ? እዚያ ምን ትነዳለህ?»

ጎልፍ፣ የ2011 ስሪት። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዝም አሉ። ከዚያ ባለ ዲኤክሱ፣ ያ ሊብሬ ብቻ የቀረው ሰውዬ፣ «ይቺን ልትነዳ ነው አገር ጥለህ የሄድከው?» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ ነገሩ የሚቆጠቁጠው እውነት ስላለው ነው። የሱ ዲኤክስ በብር ብትሰላ የኔን ጎልፍ ገዝታ መልስ ታተርፋለች። ቪትዟማ ከሚሊዮን ከዘለለች ቆየች። ጀርመን አገር መኪና እንደ እንጀራ ነው፣ ባደረ ቁጥር ዋጋ ያጣል። እኛ ጋ እንደ ቅቤ ነው፣ ሲቆይ መድኃኒት ይሆናል። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ቀድማ የገባች ገባች፣ እመቤት ሆነች።

ይባስ ብሎ ከግቢው ውጪ የአዲስ አበባ እንግዳ ያቆመው ኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን ነበር። አይዲ 6። «የናንተ ሰፈር መኪና አይደል? እንዴት ናት?» አሉኝ። አይቻት አላውቅም አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አይዲ 6 ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የሚሠራ ነው፣ ጀርመን አይሸጥም ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! 14 ዓመት ጀርመን ኖሮ ፎልክስዋገን የማያውቅ ሰው ሆኜ አመሸሁ።

ክብሬን ላድን ብዬ የቸርኬዎቼን ታሪክ አነሳሁ። ባላነሳው ይሻል ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አራት ያገለገሉ ቸርኬዎች በ280 ዩሮ ገዛሁ። ጥቁር፣ ጫፋቸው ብር የመሰለ። ቅዳሜ ራሴ ገጠምኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ መኪናዋ ስታምር መስኮት ላይ ቆሜ ቡና እየጠጣሁ ነበር የማያት። ምርመራ ደረሰ። እዚያ መኪና አዲስ ሲሆን በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይታያል። የኛ ቦሎ በየዓመቱ ነው፣ ግን ቦሎ ሊያሳድስ ሄዶ አልቅሶ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

መርማሪው ፍሬኑን አየ፣ ጥሩ። መብራቱን አየ፣ ጥሩ። ከዚያ በርከክ ብሎ ቸርኬው ላይ የተቀረጸ ቁጥር ማንበብ ጀመረ። «ወረቀቱስ?» አለ። ለካ ቁጥሩ ከቸርኬው የፈቃድ ወረቀት፣ ወረቀቱ ከመኪናው ሞዴል መግጠም አለበት። ወረቀት ለሌለው ቸርኬ መኪናህ የመንገድ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች። አደጋ ብታደርስ ኢንሹራንሱም ጣጣ ነው። ሻጩን ደወልኩ፣ ስልኩን ዘጋ። ሌላ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ፣ የኔ ሞዴል የለበትም። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሰውዬው በስሜ ሰላም አለኝ። በመጨረሻ የድሮዎቹን መልሼ ገጠምኩና አለፍኩ። 280 ዩሮዬ ምድር ቤት፣ ከድንች ከረጢቱ አጠገብ ተደርድሯል።

ጎረቤቴ ጀርመናዊ ግን አሮጌ መኪናውን ሊያሳምር ሦስት ዓመት ወረቀት ሰብስቧል። ፋይል አለው። ለእያንዳንዱ ቡሎን ወረቀት። በየዓመቱ ኤሰን ከተማ የሚደረገውን የመኪና ትርኢት ሄዶ ያያል፣ ካታሎግ ይዞ ይመለሳል፣ ፋይሉ ውስጥ ይከተዋል። መኪናዋ አንድ ቀን ታምራለች። አልጠራጠርም። እኔ ግን እንደዚያ መኖር አልችልም። ሰው የገዛ መኪናውን ሊያሳምር ማመልከቻ ይጽፋል?

(እንዳትሳሳቱ፣ ፍሬኔ ሲታይልኝ ደስ ይለኛል። የባለ ዲኤክሱ ፍሬን ቢታይ እሱም ደስ ባለኝ። ግቤ በረሃን አብሬው ወርጃለሁና አውቃለሁ።)

እየመሸ ሲሄድ ምርቃናው መቀዝቀዝ ጀመረ። ስፔሰሩም፣ ስክሪኑም፣ ሰማያዊ ቀለሙም አብረው ቀዘቀዙ። አንዱ «ነገ ቤንዚን ይገባል አሉ፣ በሌሊት እንሰለፍ?» አለ። ጨብሲ የፈለገ ወደ ጨብሲው ተነሳ። ባለ ቪትዙ ብቻ አልተነሳም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«እነዚያ ቸርኬዎች አሁን ሥራ ፈት ናቸው ማለት ነው?»

«ናቸው።»

«ሁለት ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ አይደል የሚፈቀድልህ? ሁለት ሁለት አድርገህ ትከፍላቸዋለህ።»

«አንተ፣ 17 ኢንች ናቸው እኮ። ላንተ ቪትዝ ትልቅ ነው።»

«እኔስ ከፍ እንድትል አይደል የምፈልገው?»

«እሺ፣ የኔ ባለ አምስት ቡሎን ነው። ያንተ አራት ነው። ቀዳዳው አይገጥምም።»

እንደ ሕፃን ልጅ አየኝ።

«ታዲያ ቶርኖ ቤት ምን ሊሠራ ነው የተከፈተው?» አለ።