ወርቃማዋ ዓሣና የ8 ሰከንድ ወሬ

«ኢንተርኔት የሰውን ትኩረት ከ12 ወደ 8 ሰከንድ አውርዶታል፣ ከወርቃማ ዓሣ አንሰናል፤ የማይክሮሶፍት ጥናት ነው» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ይህ ቁጥር መሠረት የለውም። በማይክሮሶፍት ካናዳ ሪፖርት ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. መውጣቱ እውነት ነው። ግን ኩባንያው አልለካውም፤ ስታቲስቲክ ብሬይን ከሚባል ድረ ገጽ ወሰደው እንጂ። በ2017 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ዱካውን ተከትሎ ድረ ገጹ በምንጭነት የጠቀሳቸውን ተቋማት ቢጠይቅ፣ ቁጥሩን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም። ቁጥሩን የደገሙት ሁሉ ታዲያ ምንጫቸው ያው አንድ ስለሆነ እንደ አንድ ምስክር ናቸው። (ዓሣዋም ተበድላለች፤ የተማረችውን ለረጅም ጊዜ ታስታውሳለች።) ደግሞም ትኩረት እንደ ሥራው ይለያያል እንጂ አንድ ቋሚ ልክ የለውም። ለጥናትህ ቁጥር ስትፈልግ ጉግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ዋናውን ጽሑፍ ፈልግና ማን፣ ስንት ሰው ላይ፣ እንዴት እንደለካ አንብብ።