በከተማ ጨረታ የባለቤቱ ዘርና ጾታ ይቆጠር?

የአሜሪካ ከተሞች ከሚያወጡት ሥራ የተወሰነውን ድርሻ ለጥቁሮች፣ ለሌሎች አናሳዎችና ለሴቶች ድርጅቶች ያስቀምጡ ወይስ አያስቀምጡ? ሁለቱም ተከራካሪዎች ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እሷ የጽዳት ድርጅት አላት። እሱ የቧንቧ ሥራ ተቋራጭ ነው።

እሷ፦

ከጎረቤታችን ከቨርጂኒያዋ ከተማ ከሪችመንድ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ነዋሪ ግማሹ ጥቁር ነበር። ከተማዋ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሰጠችው የግንባታ ሥራ ግን ለአናሳዎች ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ብቻ ነው። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም! ግብሩን ግን ሁሉም ይከፍላል።

አትላንታን ደግሞ እይ። በ1974 የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ የሆኑት ሜይናርድ ጃክሰን፣ ከአዲሱ የአየር ማረፊያ ሥራ 25 በመቶው ለአናሳዎች ድርጅቶች ካልደረሰ ግንባታው አይጀመርም አሉ። ብዙ ጫጫታ ተነሳ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም። ተርሚናሉም በ1980 ተከፈተ።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ብቻ ልበል። እስከ 1988 ድረስ በአንዳንድ ስቴቶች ሴት የንግድ ብድር ስትጠይቅ ወንድ ዘመድ እንዲፈርምላት ትገደድ ነበር። ያ ሩቅ ዘመን አይደለም።

እሱ፦

እህቴ፣ በቁጥሩ አልሟገትሽም። የሪችመንድ ታሪክ ግን እዚያ አያበቃም። በ1983 ምክር ቤቱ ዋናው ተቋራጭ ከውሉ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶውን ለአናሳዎች ድርጅቶች ያካፍል ብሎ ደነገገ። ክሮሰን የሚባል ድርጅት የከተማዋን እስር ቤት የመጸዳጃ ዕቃ ለመግጠም ተጫርቶ በዚህ ደንብ ምክንያት ሥራውን አጣ። ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደለት። ደንቡ እኮ የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን አሊዩቶች ሳይቀር ይጨምር ነበር። ሪችመንድ እነሱን መቼ በደለቻቸው?

እኔን ለዓመታት ያስቀረኝ ቦንዱ ነው። ሥራውን ሳልጨርስ ብቀር ከተማውን የሚክሰው ዋስትና ማለቴ ነው። ልምድ ከሌለህ ቦንድ የሚሰጥህ የለም። ቦንድ ከሌለህ ደግሞ ልምዱን ከየት ታመጣለህ? ከዚያ ክፍያው አለ። ለሠራተኞቼ በየሁለት ሳምንቱ እከፍላለሁ፤ የእኔ ቼክ በአንድ ወቅት ሦስት ወር ቆየብኝ። መኪናዬን ሸጬ ነው ደሞዝ የከፈልኩት።

ትልቁን ውል ይከፋፍሉት፤ ቶሎ ይክፈሉ። ዲሲ ከ250,000 ዶላር በላይ በሆነ ውል 35 በመቶው ለትናንሽ የከተማዋ ድርጅቶች እንዲካፈል ታዛለች። እዚያ የሚታየው የድርጅቱ አቅምና አድራሻ ነው። ቆዳ ሳይታይ ትንሹ ይጠቀማል።

እሷ፦

በቦንዱ ልክ ነህ፤ እኔም አልቅሼበታለሁ። ግን ፍርድ ቤቱ በሩን ጨርሶ አልዘጋውም። ከተማው በራሱ ገበያ አድልዎ መኖሩን በማስረጃ ካሳየ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ብዙ ከተሞች ጥናት የሚያስጠኑት ለዚህ ነው።

ደግሞስ ወንድሜ፣ ዋናው ተቋራጭ የሚደውለው ለሚያውቀው ሰው ነው። አንዱ ተቋራጭ ድርሻውን ለማሟላት ስሜን ጨረታው ውስጥ አስገባ። አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። ስለዚህ ድርሻው ይኑር፤ ከተማው ደግሞ ገንዘቡ በትክክል ማን እጅ እንደገባ ይከታተል።

እሱ፦

የሴት ድርጅት ለመባል ወረቀት ላይ 51 በመቶ የሚስት የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ባል የሚመራው ድርጅት ስንት አለ! ይህን ልተወው። የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሪችመንድ ውስጥ የተበደሉት ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የተሸጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ትናንት በቦሌ ተሳፍሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ፎርሙ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሞልቼ ለእነሱ የተቀመጠውን ስወስድ ምን ልበላቸው?

እሷ፦

ይህ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ግን መልኬንና አነጋገሬን ያየ ሰው ከየት እንደመጣሁ ለይቶ አልበደለኝም። በሩን ዘጋ፣ በቃ። ስለዚህ የአናሳ ድርጅት መሆኔን የሚያሳየውን ሰርተፊኬት አልመልስም። ከማሸንፈው ሥራ ግን የመስኮት ጽዳቱን እዚሁ ሰፈር ተወልዶ ላደገ ጥቁር አሜሪካዊ እሰጣለሁ። ሥራው በተረጋገጠ በሠላሳ ቀን ውስጥ እከፍለዋለሁ። የከተማው ቼክ ቢዘገይም።