መጀመሪያ ባልየው ይመርመር

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ የቤተሰብ ፕሮግራም ላይ የሰማሁት ምክር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በትዳር አራት ዓመት ቆይታ ልጅ ያላገኘች አንዲት አድማጭ ደውላ ባሏ አልመረመርም እንዳላት ስትናገር፣ የተጋበዙት አማካሪ ባልሽ በመኝታ በኩል ችግር ከሌለበት ጤነኛ ነውና አታስጨንቂው፣ አንቺ ራስሽን በደንብ ታከሚ፣ ወንድን ለምርመራ መጎተት ትዳር ያፈርሳል ብለው መለሱላት። አዘጋጁም አመስግኖ ወደ ሌላ ደዋይ አለፈ። ያን ምክር የሰሙ ስንት ባሎች በዚያው ምሽት እፎይ እንዳሉ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስንፈተ ወሲብና መካንነት አንድ አይደሉም። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ማይክሮፎን ሊሰጠው አይገባም። ወንድ ከሚያወጣው የዘር ፈሳሽ አብዛኛው የሚመነጨው ከዘር ከረጢቶችና ከፕሮስቴት ዕጢ ሲሆን፣ ልጅ የሚያስገኘው የዘር ሕዋስ፣ ማለትም ስፐርም፣ ከጠቅላላው መጠን ጥቂት በመቶው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም የሌለበት ሰው መልኩንም ሆነ መጠኑን አይቶ ጉድለቱን ሊያውቅ አይችልም። ከመቶ ወንዶች አንዱ ገደማ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ፍላጎቱ የተሟላ፣ ጉልበቱ ያልደከመ፣ ሚስቱም በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የሌላት ሊሆን ይችላል። ነገሩን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ድሮ ልጅ ወልጃለሁ የሚለው መከላከያም አያዋጣም፤ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን የዘር ማስተላለፊያ ቱቦዎችን ሊዘጋ፣ ያበጡ የደም ሥሮችም የዘር ፍሬውን ዓመት በዓመት ሊጎዱት ይችላሉ።

ሁለቱን ማምታታት በራሱ ጉዳት ያስከትላል። ልጅ ያጣ ወንድ ወንድነቴ ደክሟል ብሎ የቴስቶስትሮን መርፌ ሲወጋ፣ ጡንቻ ለማሳደግም በስፖርት ቤት ሲወስደው እንሰማለን። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ አለ ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ የስፐርም ምርትም እጅግ ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መርፌ የወንድ የእርግዝና መከላከያ ሊሆን ይችል እንደሆነ አስጠንቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ከተወጉት 271 ወንዶች 157ቱ በስድስት ወር ውስጥ ስፐርማቸው ዜሮ መድረሱ ተረጋግጧል። እንግዲህ ልጅ ፈላጊው ሰው ለልጅ ብሎ የሚወጋው የእርግዝና መከላከያ ነው ማለት ነው! መርፌውን ካቆመ በኋላም ምርቱ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ግን የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ሴቲቱ በማኅፀኗ በኩል ቀለም ተረጭቶባት ራጅ ትነሳለች፤ ሕመሙን ያየችው ታውቀዋለች። የሆርሞን ደም ምርመራ ታደርጋለች፣ እንቁላል የሚያበስል ኪኒን ለወራት ትውጣለች፣ አንዳንዷም ሰመመን ተሰጥቷት ሆዷ ተበስቶ በካሜራ ይታያል። በሌላ በኩል ከባልየው የሚፈለገው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ በንጹሕ ዕቃ የዘር ፈሳሹን መስጠት ነው። መርፌ የለው፣ ሰመመን የለው፣ ሕመም የለው። ልጅ ማግኘት ካልቻሉ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ በወንዱ ብቻ ወይም በሁለቱም በኩል የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ቀላሉና ርካሹ ምርመራ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በስንት ልመና የሚደረግበት ምክንያት ምንድን ነው? በየትኛውም ሌላ ሕመም እንዲህ ዓይነት ቅደም ተከተል ብናይ ሐኪሙን በቸልተኝነት እንከስሰው ነበር። እዚህ ላይ ሲሆን ግን የባልን ክብር መጠበቅ እንለዋለን።

የዚህን ክብር ዋጋ በእህቴ አይቼዋለሁ። በ31 ዓመቷ ሕክምና ጀመረች፤ ባሏ እሺ ብሎ የተመረመረው 37 ከሞላት በኋላ ነው። በስድስቱ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀለም ተረጭቶባታል፣ ጸበል ተጠምቃለች፣ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች፣ ከአማቷ ቤትም የሰርግና የክርስትና ጥሪ በመጣ ቁጥር አንገቷን ደፍታ ተመልሳለች። የተመላለሰችበት ክሊኒክ አንድም ቀን ባልሽን ይዘሽ ነይ አላላትም። ውጤቱ ሲመጣ የስፐርሙ ቁጥር እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ ምክንያቱም በቀላሉ በእጅ የሚዳሰስ ቫሪኮሴል፣ ማለትም የዘር ፍሬው ደም መላሽ ሥሮች እብጠት ሆኖ ተገኘ። እሱ በቀዶ ሕክምና ሊታከም ይችላል፤ የእሷ ስድስት ዓመት ግን በምንም አይታከም፤ የሴት እንቁላል ከ35 ዓመት በኋላ በቁጥርም በጥራትም በፍጥነት ይቀንሳልና። ለስለቱም ሆነ ለጸበሉ ክፉ ቃል የለኝም፤ እናቴም እኔን በስለት ነው ያገኘችኝ። ጸበልና ላቦራቶሪ አይጣሉም። የተጣሉት የባልየው ኩራትና የእህቴ ዕድሜ ነበሩ።

በእርግጥ በሴቷ በኩልም ችግር አለ፤ በኢንፌክሽን የተዘጉ የማኅፀን ቱቦዎች በአገራችን ብርቅ አይደሉም። ይህ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ይመርመሩ ያሰኛል እንጂ እሱ ቤቱ ይቀመጥ አያሰኝም። ትዳር ያፈርሳል የተባለውም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። አለመመርመር ያፈረሰውን ትዳር ሁላችንም እናውቃለን፤ የመጀመሪያዋ መካን ተብላ ትሸኛለች፣ ሁለተኛዋ ትገባለች፣ እሷም ሳትወልድ ትቀራለች፤ ያን ጊዜም የሚጠየቀው የእሷ ማኅፀን ነው።

ደግሞስ ውጤቱን እንደ ሞት ፍርድ መፍራት ለምን? ቫሪኮሴል ከመቶ ወንዶች በ15ቱ ያህል፣ ልጅ ካጡት መካከል ደግሞ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ የቀዶ ሕክምናው ውጤት ከዚያ በኋላ ይታያል። ለዘር ፍሬው ትእዛዝ የሚያደርሰው የአንጎል ሆርሞን ያነሰበት ሰው፣ ቴስቶስትሮን ሳይሆን ያንኑ ትእዛዝ በሚተካ መርፌ ይታከማል። ቱቦው የተዘጋበት ሰው ከዘር ፍሬው ስፐርም በመርፌ ሊወሰድለት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ላይ የነበሩ ሐኪሞች አንዲትን ስፐርም በቀጥታ ወደ እንቁላል በማስገባት እርግዝና መገኘቱን ካሳወቁ ወዲህ የሚያስፈልገው ሚሊዮን ሳይሆን ጥቂት ሆኗል። በጉርምስናው ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው የተጎዳበት ወይም ከነጭራሹ ስፐርም የማይሠራ ሰውም ቢያንስ እውነቱን አውቆ፣ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ ይወስናል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሕክምናው የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም።

የሬዲዮ ጣቢያው ያን ምክር በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፕሮግራም ላይ ሊያርመው ይገባል። የጤና ተቋማትም የባልየው የዘር ፈሳሽ ውጤት ከፋይሉ ጋር ሳይያያዝ አንዲትም ሴት ለቀለም ራጅ እንዳትላክ ደንብ ያውጡ፤ ወንዱንም ዕቃ አስይዘው ወረፋ ወደሚጠበቅበት ሽንት ቤት መላካቸውን ትተው የሚቆለፍ ክፍል ያዘጋጁለት። ይህንንም የሚያፍር ካለ፣ ቤቱ ለላቦራቶሪው ቅርብ እስከሆነ ድረስ ናሙናውን እዚያው ቤቱ አዘጋጅቶ፣ ከልብሱ ሥር በሰውነቱ ሙቀት ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ ይችላል።