ሰው ጠፍቶ ነው?

ዛሬ ጠዋት የግቢያችንን ድመት ፎቶ ሳነሳ ጎረቤታችን ቆም ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በስልኩ ፎቶ ማንሳት ልማር ያለ ሰው ከብርዱ ቀጥሎ የሚፈተነው በዚህች ጥያቄ ነው። ውሻ ብታነሳ ሰው ጠፍቶ ነው። አጥር ብታነሳ ሰው ጠፍቶ ነው። ሰው ስታነሳ ደግሞ «ላክልኝ»። ስትልክለት «አጥቁረኸኛል»።

ድመት እንዲህ አትልም። ቆመህ ከላይ ካነሳሃት ጀርባና ጆሮ ብቻ ትሰጥሃለች። በሆድህ ተኝተህ ስልኩን ከዓይኗ ትይዩ ስታደርገው ግን መልክ ይወጣታል። ጨለማ ቤት ውስጥ ፍላሽ ካበራህባት፣ ከዓይኗ ጀርባ ያለው ሽፋን ብርሃኑን መልሶ ይረጨውና ዓይኗ አረንጓዴ ይንቦገቦጋል። ስለዚህ መስኮት አጠገብ ጠብቃት። የኛዋ ጥቁር ናት። ስልክ ደግሞ ጥቁር ሲያይ ላፍካው ይላል፣ ድመቷም አመድማ ሆና ትወጣለች። ስክሪኑን ነካ አድርገህ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ነው።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ። ይህችን ተረት እወዳታለሁ፤ የሚተርቷት ሰዎች ግን ለስድብ ነው የሚጠቀሙባት። ለፎቶ አንሺ ከዚህ በላይ ምን ጸጋ አለ? ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ሁልጊዜ ትመጣለች። ከመዝለሏ በፊት ወገቧን ታወዛውዛለች፣ ያኔ ጣትህን ታዘጋጃለህ። ዓመሉን የሚረሳው ሰው ነው። ሲንከተከት የነበረ ሰው ካሜራ ሲያይ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስላል።

ለዚህ ፎቶ ቤቶችን እከሳለሁ። አንዱ ጋ ቂም አለኝ። ለመታወቂያ ልነሳ ገብቼ «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትተንፍስ» ሲለኝ ቆየና ልክ ዓይኔን ስጨፍን ቀጭ አደረገው። ድገመው ብለው «ዓይንህ እኮ እንዲሁ ነው» አለኝ። ሂሳቡን ግን ዓይኔ ተገልጦ ነው የከፈልኩት! መታወቂያው እስኪታደስ ድረስ በየበሩ ያለ ጥበቃ አንዴ ካርዱን፣ አንዴ እኔን እያየ ሳቁን ሲውጥ ኖረ።

ቤት አይጨፍንም። ስልክህን ወደ ላይ ካንጋደድከው ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል እንጂ። ራቅ ብለህ ስልኩን ቀጥ አድርገህ ያዝ። የመንዝን የድንጋይ ቤት እኩለ ቀን ላይ ብታነሳው ጠፍጣፋ ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላውን ይዞ ብቅ ይላል። ይህን እያየሁ አንድ አሮጌ ቤት ፊት ስቆም ባለቤቱ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። «አንተ ልጅ፣ ማን ልኮህ ነው? ሊያፈርሱት ነው?»

ስቄ ላልፈው ፈልጌ ነበር። ግን አያስቅም። ሽማግሌው ከመሬት ተነስተው አልፈሩም። በየከተማው ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚመጣው ፎቶ የሚያነሳና ሜትር የሚዘረጋ ሰው ነው። ቤቱን ስላማረው የሚያነሳ ሰው መጥቶ አያውቅም። እኔ ስለ ጥላና ስለ ማዕዘን ሳስብ እሳቸው ስለሚያድሩበት ጣሪያ ያስባሉ። አኮረፍኩ፤ በእሳቸው ግን አይደለም።

አዋቂ ነኝ ባዩ ደግሞ «መንዝ ጓሳ ሄደህ ጭላዳ ዝንጀሮ አታነሳም?» ይለኛል። ጭላዳውን ቱሪስቱ አንስቶታል። «ጣርማበርስ?» ይላል ሌላው። ጣሊያን ለመኪና መንገድ የፈለፈለው ዋሻ ውስጡ ድቅድቅ፣ አፉ ነጭ ነው፤ ስልኬ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም። ጉም ከወረደ ደግሞ ዋሻውም ራሱ የለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። እኔ ከነሐሴ ጋር ስታገል ያ ብርሃን የት እንደገባ የሚነግረኝ የለም።

የጀመርኩት ስለ ጥያቄዋ ነበር አይደል? እሺ፦ ሰው አልጠፋም። ሰውማ ሞልቷል፤ ሁሉም ድመቷና መስኮቱ መሀል ነው የሚቆመው። ሌላ ጥያቄ ያለው ከዐሥር ሰዓት በፊት ይምጣ። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ሥራ አለብኝ።