መሣሪያው ሌሊት የት ያድራል?

በማርች 2009 በጀርመኗ ቪኔንደን ከተማ አንድ የ17 ዓመት ልጅ 15 ሰው ገድሎ ራሱን አጠፋ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የተኮሰበት ሽጉጥ የአባቱ ነበር። አባትየው 15 መሣሪያ በሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ነበር፤ 14ቱ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፣ 15ኛው ግን መኝታ ቤት ነበር።

የጀርመን ሕግ ያኔም ቢሆን «መሣሪያ ይቆለፍ» ይል ነበር። የጎደለው መቆለፉን ሄዶ የሚያይ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለና የሚመለከተው ባለሥልጣን የተለየ ጥርጣሬ ባይኖረውም አቀማመጡን ባለፈቃዱ ቤት ሄዶ እንዲያይ ሥልጣን ተሰጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይቻላል፤ ጩኸቱ ግን ቦታውን አልሳተም።

ስለ ግል የጦር መሣሪያ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ይፈቀድ» እና «ይከልከል» ላይ ተቸክሎ ይቀራል። አንዱ ወገን መብቱን ይቆጥራል፣ ሌላው ሬሳውን። በእኔ እምነት ግን ብዙ ሕይወት የሚተርፈውም የሚጠፋውም በሁለት ተራ ጥያቄዎች ነው። መሣሪያው ሌሊት የት ያድራል? ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍስ ማን ያያል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሕግ የፈለገውን ያህል ቢያግድ ከወረቀት አያልፍም።

ከአቀማመጡ እንጀምር። መሣሪያው ጥይት የሌለበትና የተቆለፈ፣ ጥይቱ ደግሞ ሌላ ቦታ በሌላ ቁልፍ፤ በቃ ይኸው ነው። ስህተቱ «ጥይት የሌለበት» ከሚለው ይጀምራል። ካዝናውን (የመሣሪያውን የጥይት መያዣ) የነቀለ ሰው መሣሪያው ባዶ ሆነ ብሎ ያምናል። የተቀባበለ መሣሪያ ግን ካዝናው ቢወልቅም አንዲት ጥይት እንደጎረሰ ይቀራል፤ «ባዶ መስሎኝ» የሚባልለት አደጋ ብዙውን ጊዜ የዚህችው ጥይት ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉም ያሳስታል። ካዝናው ሳይነቀል መጀመሪያ የጎረሰውን ቢያስወጡ ከካዝናው ሌላ ጥይት ትተካለች፤ ያን ጊዜ ካዝናውን መንቀል ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ተራው አይቀየርም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ጣት ከቃታው ይርቃል፣ ካዝናው ይወልቃል፣ ከዚያ ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ ይያዝና ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ብርሃን ደከም ባለበት ክፍል ዓይን ብቻውን አይታመንም።

ሳጥኑም የራሱ ጣጣ አለው። ከግድግዳና ከወለል ጋር በብሎን ያልታሰረ ቀላል ሳጥን ሌባ ከነመሣሪያው ተሸክሞት ይሄዳል። ቁልፉን ቁምሳጥን አናት ላይ የሚያኖር አባት ልጆቹ ቦታውን እንደማያውቁ ያስባል፤ ያውቁታል። የሚስጥር ቁጥሩ የቤተሰብ ልደት ከሆነም እንዳልተቆለፈ ይቆጠር። ጃፓን ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ሕሊና አልተወችውም። ሽጉጥ ለተራ ሰው አይፈቀድም፤ የአደን ጠመንጃ የሚፈልግ ትምህርት ተከታትሎ የጽሑፍ ፈተና ያልፋል፣ ተኩሶ ይፈተናል፣ የጤና ማስረጃ ያቀርባል፣ መሣሪያና ጥይቱን ለየብቻ ይቆልፋል፣ በየዓመቱም ለፖሊስ ያስመረምራል።

«ሌባ በሩን ሲሰብር እኔ ሳጥን ስከፍት ልሙት?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ የሚናቅ አይደለም። ፖሊስ በሰዓታት ለሚደርስለት፣ ብቻውን ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው መሣሪያ ቅንጦት ሊሆን አይችልም። በጣት አሻራ ወይም በጥቂት ቁጥሮች በሰከንዶች የሚከፈት ትንሽ ሳጥን የተሠራው ለዚህ ነው (ባትሪው ሲያልቅ በቁልፍ የሚከፈተው ይሻላል)። ነገር ግን ሒሳቡም ይታይ። በአሜሪካ በ2021 በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሰው መሣሪያ የሚገዛው ከውጭ የሚመጣበትን ጠላት እያሰበ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ግን የተመዘገበው እዚያው ቤት ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

ክፉ ሰዓት ደግሞ ያልፋል። የእስራኤል ጦር በ2006 ወጣት ወታደሮች ለሳምንት መጨረሻ እረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ካምፕ ትተው እንዲወጡ አዘዘ። ራሳቸውን የሚያጠፉት ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ቅናሹ የታየው በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት ሲሆን በሥራ ቀናት ጉልህ ለውጥ አልነበረም። ከወታደሮቹ መሣሪያ የተነጠቀ የለም። የሚያድርበት ቦታ ብቻ ተቀየረ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስናልፍ አሜሪካ ጥሩ ትምህርት ናት። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ1998 ጀምሮ ገዢውን በኤፍ ቢ አይ ሥርዓት ሳያስጣራ አይሸጥም። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ ግን አለው። ነጋዴ ያልሆነ ሰው ለሌላ ግለሰብ ሲሸጥ የፌዴራል ሕጉ ማጣራት አይጠይቅም፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ብቻ ይጠይቃሉ። ማጣራቱ በሦስት የሥራ ቀናት ካላለቀም ነጋዴው መሸጥ ይፈቀድለታል። በ2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን 9 ሰው የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚህች በሁለተኛዋ ቀዳዳ ነው። እንዳይገዛ የሚያደርገው መዝገብ በየትኛው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት እንዳለ ሲፈለግ ሦስቱ ቀናት አለፉ። መልስ መዘግየቱ እንደ ፈቃድ የሚቆጠርበት አሠራር ሌላ በምን መንጃ ፈቃድ፣ በምን ፓስፖርት ላይ አለ?

ምዝገባ ሲባል ደጋፊዎቹ ነገሩን ያቀሉታል። ካናዳ በ1995 ረጃጅም ጠመንጃዎችን ለመመዝገብ ሕግ ስታወጣ የተጣራው ወጪ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ነበር። ዋና ኦዲተሯ በ2002 ባቀረቡት ሪፖርት ግን አጠቃላይ ወጪው በጥቂት ዓመታት ከአንድ ቢሊዮን እንደሚያልፍ ገለጹ። በ2012 መዝገቡ ተሰረዘ። በሌላ በኩል ኒውዚላንድ ለአሥርት ዓመታት ለሰውየው ፈቃድ ስትሰጥ የያዛቸውን አብዛኞቹን ጠመንጃዎች ግን አትመዘግብም ነበር። በ2019 በክራይስትቸርች 51 ሰው ሲገደል ፓርላማዋ 119 ለ1 በሆነ ድምፅ በራሳቸው የሚጎርሱትን አብዛኞቹን ጠመንጃዎች አገደ፤ 56 ሺህ ያህልም ከሕዝብ ተገዝተው ተሰበሰቡ። ከስንቱ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አልቻለም። መዝገቡ የተጀመረው በ2023 ነው።

«ምዝገባ የወረሳ መንገድ ነው» የሚለው ስጋትም በቅንነት ይመለስ፤ አዎ፣ መዝገብ ያለው መንግሥት መሰብሰብ ይቀለዋል። ስለዚህ መዝገቡን ማን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ትእዛዝ እንደሚከፍተው በሕጉ ውስጥ ይጻፍ፤ የተከፈተበት ጊዜ ሁሉም ይመዝገብ። ይህ ሳይኖር «እመኑን» ማለት አያዋጣም።

የአውስትራሊያ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው በ1996 ከፖርት አርተር እልቂት በኋላ ስለተሰበሰቡት 650 ሺህ ያህል መሣሪያዎች ነው። ከዚያ ይልቅ የሚቀዳው የግዢ ሥርዓቱ ነው። ፈላጊው በቂ ምክንያት ያቀርባል (ራስን መከላከል በምክንያትነት አይቆጠርም፣ ይህ ለሁሉም አገር ይሆናል አልልም)፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ፈቃድ ይጠይቃል፣ 28 ቀንም ይጠብቃል።

ሕግ አውጪዎች የሚረሱት የውርስ ነገር ደግሞ አለ። ባለቤቱ ሲሞት ፈቃዱ ያከትማል፣ መሣሪያው ግን ቁምሳጥን ውስጥ ይቀራል። መበለቲቱ ለፖሊስ ብትናገር «ያለ ፈቃድ ይዘሻል» እንዳትባል ትፈራለች፣ ዘመድ «እኔ ጋ ይቀመጥ» ይላል፣ እዚያ ላይ ዱካው ይጠፋል። በፈቃዱ ቅጽ ላይ ተረካቢ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ለወራሾችም የማያስጠይቅ በቂ የማስረከቢያ ጊዜ ያስፈልጋል። አውስትራሊያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ማብቂያ የሌለው ምሕረት አውጃለች፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ተፈቀደለት ነጋዴ ወስዶ ሲያስረክብ ያለ ፈቃድ በመያዙ አይከሰስም።