ማሽኑ እምቢ ሲል የሚፈርም ሰው ይኑር

ሰሞኑን ሬዲዮ ብከፍት፣ ስልኬን ብገልጥ ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኑሯችንን ሊለውጠው ነው፤ ሐኪሙም መምህሩም ኮምፒውተር ሊሆን ነው፤ ወረፋ የሚባል ነገር ሊቀር ነው። ይሁን፣ ይምጣ። እኔ ግን ዛሬ ባንክ ቤት ያየሁትን ሳልናገር ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ገንዘብ የምትልክላቸው በስማቸው ሒሳብ ሲከፍቱ ነው። ሠራተኛው ጣታቸውን መሣሪያው ላይ እንዲያሳርፉ ነገራቸው። ቀይ መብራት በራ። በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ደገሙት፤ አሁንም ቀይ። አውራ ጣት ተሞከረ፣ ሌባ ጣት ተሞከረ፣ ቀኙም ግራውም ተሞከረ። በመጨረሻ ሠራተኛው ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቶ ጣታቸውን በራሱ እጅ ይዞ ይጫነው ጀመር።

«እናቴ፣ ጠበቅ ያድርጉት።»

«ከዚህ በላይ ልስበረው እንዴ፣ ልጄ?»

ጣታቸውን አየሁት። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ ሲያጥቡ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረው መስመሩ ጠፍቷል፤ ቆዳው ልሙጥ ሆኗል። «እንግዲያው በስልክዎ የሚስጥር ቁጥር ይላክልዎት» ተባሉ። የተመዘገበው ስልክ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሥራ አግኝቶ አዳማ ሄዷል፤ ቁጥሩንም ቀይሯል። «ሲስተሙ አልተቀበለዎትም፤ ሌላ ቀን ይሞክሩ» ተብለው ተሸኙ። ሌላ ቀን ጣታቸው ምን ሊያበቅል ነው?

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ በስማቸው ጠርቶ ነው ያስገባቸው። ወረፋው ላይ ከነበርነው ግማሾቹ የሰፈራቸው ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ እትዬ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቷቸዋል። ይህ ሁሉ ሰው ያውቃቸዋል፤ «እኚህ ሴት እኚህ ናቸው» ብሎ የመፈረም ሥልጣን ያለው ግን አንድም አልነበረም። ሠራተኛውን አልወቅስም። መሣሪያው ያላሳለፈውን አሳልፎ ቢገኝ እንጀራው እንደሚቋረጥ በግልጽ ነግሮናል።

ቴክኖሎጂ ይቅርብን የምል ሰው አይደለሁም። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችን ገንዘብ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ስንልክ፣ ደረሰ አልደረሰ እያልን ስንጨነቅ የኖርን ሰዎች ነን። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር ይህ ጭንቀት ለብዙ ቤተሰብ ቀለለ። የቀበሌ መታወቂያ ዘመንም ቢሆን አይናፍቀኝም፤ «መዝገቡ ጠፍቷል» ተብሎ ስንት ሰው ተንከራቷል። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሲሆን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ።

የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ለፋይዳ ስንመዘገብ የአሥሩም ጣቶቻችን አሻራ ተወስዷል፤ የዓይናችን ብሌንና የፊታችን ፎቶግራፍም ተወስዷል። ጣቱ ያለቀ፣ ጣቱ የተቆረጠ ሰው እንዳለ አስቀድሞ ታስቦበታል ማለት ነው። እዚያ መስኮት ላይ የተቀመጠው መሣሪያ ግን ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። ዋናው ሥራ አልቆ ሳለ ለመጨረሻዋ እርምጃ የተጨነቀ ሰው የለም። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ድንጋይ የፈለጠ፣ ሲሚንቶ ያቦካ፣ ቡና የለቀመ፣ ልብስ ያጠበ። ቢሮ ተቀምጦ የዋለ ሰውማ ጣቱ በአንዴ ያልፋል።

ስለ መጪው ዘመን ሲወራ የምፈራውም ይህንኑ ነው። ነገ ብድር የሚፈቅደው፣ የሐኪም ተራ የሚያስይዘው፣ የተማሪ ማመልከቻ የሚያጣራው ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ይሆናል፤ በጥሩ አማርኛም ይመልስልናል። «አልተቀበለዎትም» ሲል ግን ማንን እናናግራለን? ድሮ ክፉ ጸሐፊ ቢገጥመን አለቃው ዘንድ እንሄዳለን፤ እንቆጣለን፣ እንለምናለን፣ ሽማግሌ እንልካለን። ማሽን አይለመንም፤ ሽማግሌም አይላክበትም። ከጀርባው ያሉት ሰዎች ደግሞ በእሱ ተከልለው መልስ መስጠት ትተዋል።

ለእኚህ እናት የሚያስፈልገው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ፎቶግራፋቸው መዝገቡ ላይ አለ፤ ፊታቸው መስኮቱ ፊት ቆሟል። ሁለቱን አስተያይቶ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ፣ ኃላፊነቱን በስሙ የሚወስድ አንድ ሰው በየቅርንጫፉ ይመደብ። መሣሪያ እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ባንክ የምትሠሩ ይህን ካነበባችሁ ነገ ጠዋት አለቃችሁን ጠይቁልኝ፤ ጣቱ ላለቀ ሰው ሁለተኛው መንገድ የትኛው ነው? እኚያ እናት ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም፤ ቤይሩት ያለችው ልጃቸውም ደመወዟን ይዛ እየጠበቀች ነው።