ደረጃው፣ ካሜራው እና የእኛ ፊልም

በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ ከማለዳ እስከ ምሽት ሯጭ አያጣም። ከየአገሩ የመጡ ጎብኚዎች 72ቱን ደረጃዎች እየሮጡ ይወጣሉ። ጫፍ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ከተማዋ አዙረው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ፤ አብሯቸው የመጣው ሰው ፎቶ ያነሳቸዋል። ብዙዎቹ ወደ ሙዚየሙ ሳይገቡ ይመለሳሉ። እኛ የዚህ ከተማ ኢትዮጵያውያንም ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ይዘነው የምንሄደው ወደዚሁ ነው። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ልጆቻቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ሲወጡና እንደ ሌላው ሰው እጃቸውን ሲያነሱ አይቻለሁ። ፊልሙን ያላዩ ሰዎች ሳይቀሩ ትዕይንቱን ያውቁታል።

ትዕይንቱ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ በበቃው «ሮኪ» በተባለው የቦክስ ፊልም ውስጥ ነው። ድርሰቱን የጻፈውም ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተውም ስልቬስተር ስታሎን ሲሆን አዘጋጁ ጆን አቪልድሰን ነበር። ድሃው ቦክሰኛ ለትልቁ ግጥሚያ ሲዘጋጅ ከተማዋን በሩጫ ያቋርጥና በመጨረሻ ደረጃውን ወጥቶ እጁን ያነሳል። በዚያ ሰዓት አንድም ቃል አይናገርም። ሰው፣ ድንጋይ፣ የማለዳ ብርሃንና ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው። የእኛን ፊልሞች የሚወድና ስለ እነርሱ የሚቆረቆር ሰው ይህን ደረጃ ባየ ቁጥር አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። አንዲት አጭር ትዕይንት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በሰው ልብ የምትቀመጠው እንዴት ተደርጋ ብትቀረጽ ነው?

በዚያ ዘመን የሚሮጥ ሰውን ለመቅረጽ የነበረው አማራጭ ጥቂት ነው። ካሜራውን በሐዲድ ላይ በሚገፋ ጋሪ መጫን፣ ከመኪና ጋር ማሰር፣ በክሬን ማንሳት፣ አለዚያም በትከሻ ተሸክሞ መሮጥ። ደረጃ ላይ ሐዲድ መዘርጋት አይመችም። በትከሻ የተያዘ ካሜራ ደግሞ በየእርምጃው ስለሚናጥ የተመልካቹን ዓይን ያደክማል። ጋሬት ብራውን የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ለዚህ ችግር መላ ሲፈልግ ቆይቶ የካሜራውን እንቅስቃሴ ከተሸካሚው ሰውነት እንቅስቃሴ የሚለይ መሣሪያ ሠራ። ባለሙያው ሰደርያ የመሰለ ጠንካራ ልብስ ይለብሳል። ከልብሱ ላይ ስፕሪንግ ያለው ክንድ ይዘረጋል። በክንዱ ጫፍ ካሜራው ከላይ፣ ባትሪውና ትንሹ የምስል መመልከቻ ከታች ሆነው ሚዛን ይጠብቃሉ። ሰውየው ቢሮጥ፣ ቢዘል፣ ደረጃ ቢወጣም ምስሉ እንደተረጋጋ ይቀጥላል። ስቴዲካም የሚባለው ይህ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ብራውን መሣሪያውን ለፊልም ሠሪዎች ለማስተዋወቅ አጭር የሙከራ ፊልም ቀረጸ። በዚያ ውስጥ ኋላ ሚስቱ የሆነችውን ወዳጁን በዚሁ የሙዚየም ደረጃ ላይ አስሮጣት፤ እርሱም ካሜራውን ለብሶ ተከተላት። አቪልድሰን የሙከራ ፊልሙን ሲያይ ምስሉ እንዴት እንደተሠራና ደረጃው የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ዓለም የሚሮጥበት ደረጃ ወደ ፊልሙ የገባው እንዲህ ነው፤ አንድ የከተማው ልጅ የሚያውቀውን ቦታ በአዲስ ዓይን ስላየው ነው።

ደረጃው በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ መታየቱን ብዙ ሰው አያስታውስም። መጀመሪያ ቦክሰኛው ገና ልምምድ የጀመረ ሰሞን፣ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳና ጥሬ እንቁላል ጠጥቶ ይወጣል። ደረጃው ጫፍ የሚደርሰው እየጎተተ፣ ጎኑን ይዞ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነው። ሁለተኛውን አውራ ያደረገው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰውየው መለወጡን ማንም በአንደበቱ አይነግረንም፤ ያንኑ ቦታ እንደገና ያሳየናል፣ ልዩነቱን ራሳችን እናነበዋለን። በዓለም ላይ የትም ቢሆን ይህን ለማድረግ አንድ ዶላር እንኳ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

ወጪ ካነሳን፣ «ሮኪ» በአሜሪካ መለኪያ የድሃ ፊልም ነበር። በ28 ቀን ቀረጻና በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎም ኦስካር ተሸልሟል። ድህነቱ በትዕይንቶቹ ላይ አሻራውን ትቷል። ሁለቱ ፍቅረኞች በበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ የሚገናኙበት ትዕይንት በድርሰቱ ላይ በሰው የተሞላ ነበር። ለአጃቢ ተዋንያን የሚከፈል ገንዘብ ሲጠፋ አዳራሹ ለሥራ ተዘግቷል ተባለና ለሁለቱ ብቻ ሆነ። እርሷ በበረዶው ላይ ስትንሸራተት እርሱ በጫማው እየተራመደ፣ እያወራ ይከተላታል። አዳራሹ በሰው ቢሞላ ኖሮ ያ የሁለት ብቸኛ ሰዎች መተፋፈር ይጠፋ ነበር።

ሌላም አለ። ስታሎን በ9ኛ ጎዳና በሚገኘው የጣሊያኖች ገበያ መሐል ሲሮጥ ቡድኑ ትንሽ ነበር፤ ካሜራው ብዙውን ጊዜ ከመኪና ውስጥ ይቀርጽ ነበር። ነጋዴዎቹ ምን እየተሠራ እንደሆነ አያውቁም፤ ግር ብሏቸው ያዩታል። አንዱ ብርቱካን ወረወረለት፣ እርሱም ቀልቦ ሩጫውን ቀጠለ። ብርቱካኑ በድርሰቱ ውስጥ እንዳልነበረ ይነገራል። አዘጋጁ ግን አልጣለውም። ያልታሰበው ነገር ሲመጣ የተዘጋጀ ዓይን ነበረው።

ባለፈው ወደ አገር ቤት ስሄድ የአክስቴ ልጅ ወደሚሠራበት ቀረጻ ይዞኝ ሄደ። የካሜራ ባለሙያ ነው፤ እጁ የተፈታ፣ ብርሃን የሚያውቅ ልጅ። የዕለቱ ትዕይንት በድርሰቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ አንዲት ወጣት በማለዳ ከታክሲ ወርዳ በገበያ መሐል ወንድሟን ትፈልጋለች። ቡድኑ ገና ሳይነጋ ደርሶ ነበር። ካሜራው እንደተተከለ ሕፃናት ተሰበሰቡ፣ መንገደኛው ቆሞ ያይ ጀመር። ከዚያ አንድ ጥበቃ መጥቶ የፈቃድ ደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤ ነበራቸው፤ ነገር ግን ለዚህኛው በር ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ፕሮዲዩሰሩ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ፀሐዩ አናት ላይ ደረሰ፤ ያ ለስላሳ የማለዳ ብርሃን አለፈ። ከሰዓት በኋላ ትዕይንቱ በአንድ ካፌ ውስጥ ተቀረጸ። ወጣቷ ማኪያቶ ፊቷ አድርጋ በስልክ «ወንድሜን ስፈልገው ዋልኩ» ትላለች።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ መሣሪያውን እየሰበሰበ። «የምናየውን መቅረጽ ሲያቅተን እናስወራዋለን።»

ይህ አነጋገሩ ከዚያ ወዲህ የማየውን የአማርኛ ፊልም ሁሉ የማይበት መነጽር ሆነኝ። በፊልሞቻችን ውስጥ ሰው ስንቱን ነገር ተቀምጦ ይናገራል! ሳሎን ውስጥ፣ ሆቴል ውስጥ፣ የቆመ መኪና ውስጥ። ፍቅር ይነገራል፣ ክህደት ይነገራል፣ ሞት በስልክ ይነገራል። በትዕይንትና በትዕይንት መካከል ድሮን ከፍ ብሎ ከተማውን ያሳየናል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሳሎን። ተዋንያኖቻችን ችሎታ አላቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ዕንባ የሚያመጡ አሉ። ሠሪዎቹ ከራሳቸው ኪስ አውጥተው፣ ቤት ለምነው፣ መኪና ተውሰው ነው የሚሠሩት። እዚህ በስደት ያለነው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰብ ሰብስበን በዩቲዩብ የምናየው የእነርሱን ልፋት ነው፤ ልጆቻችን አማርኛ የሚሰሙበት አንዱ መንገድም እርሱ ነው። የምወቅሳቸው ስለምወዳቸው ነው።

በመሣሪያ ማሳበብ ግን አሁን አይቻልም። ብራውን ያን ሁሉ የደከመበት የተረጋጋ እንቅስቃሴ ዛሬ ጂምባል በሚባል ትንሽ ሞተር ባለው መያዣ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቀራጮች ይዘውት ይዞራሉ። ደረጃም፣ ዳገትም፣ ገበያም አላጣንም። የጎደለው ለቦታው የሚሰጥ ጊዜና ለቀራጩ የሚከፈት በር ነው። ድርሰት የሚጽፍ ሰው ከመጻፉ በፊት ቦታውን በእግሩ ቢያዳርሰው፣ ብርሃኑ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ቢያውቅ፣ ገጸ ባሕርይው በዚያ ቦታ ሁለት ጊዜ ቢያልፍ ምን እንደሚለወጥ ቢያስብ ግማሹ ንግግር ይወድቅ ነበር። በሩን የሚከፍተው ደግሞ መንግሥት ነው። በየበሩ ደብዳቤ የሚጠየቅ የካሜራ ባለሙያ መጨረሻው ሳሎን ውስጥ መግባት ነው።

በእኛ ምድር እንደሚቻልማ ታይቷል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ በሚፈነዳበት ሰሞን ከአሜሪካ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ፣ 16 ሚሊሜትር ፊልም፤ የቀረጻው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ። ከፊት የቆሙት አብዛኞቹ ሰዎች ትወና ሙያቸው ያልሆነ ነበሩ። የጭሰኛው ቤተሰብ ሲያርስ፣ ከብት ሲጠብቅ፣ ባለርስቱ ተቀምጦ ሲያዝ ካሜራው አይቸኩልም። ከሩቅ ሆኖ ሰውየው መሬቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ያየዋል። ሰዎች እንደ በሬ ቀንበር የተጫነባቸው የሚታዩበት የሕልም ትዕይንት አለ፤ ስለ ገባር ሥርዓት ያነበብኩት ሁሉ ከዚያች ምስል በኋላ መልክ አገኘ። ስለ ጭቆና ማንም ንግግር ባያደርግ እንኳ እርሷ ትበቃ ነበር።

ይህን ፊልም ያዩ ኢትዮጵያውያን ስንት ይሆኑ? በማውቃቸው ቤቶች ስጠይቅ ስሙን የሰሙ አሉ፣ ያዩት በጣት ይቆጠራሉ። ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2006 ታድሶ የወጣው በጣሊያን በቦሎኛ ከተማ በሚገኘው የፊልም ማኅደር ነው። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በጆርጂያ ጎዳና ላይ እርሱና ባለቤቱ ሽርክያና አይና የከፈቱት «ሳንኮፋ» የተባለ የመጻሕፍትና የፊልም ቤት አለ። በዚያ በር የሚያልፍ ያገሬ ሰው ሁሉ ገብቶ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

አሜሪካውያንም ቢሆኑ የፊልም ቦታቸውን ያከበሩት ወዲያው አይደለም። ለሦስተኛው የ«ሮኪ» ፊልም ቀረጻ የተሠራው የነሐስ ሐውልት በደረጃው አናት ቆሞ ነበር፤ ጥበብ ነው፣ አይደለም በሚል ክርክር ተነስቶ ወደ ስፖርት ሜዳ ተወሰደ፤ ከደረጃው ግርጌ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዋሽንግተን ጆርጅታውን ሰፈር ያለው ባለ 75 ደረጃ መተላለፊያም እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ኤክሶርሲስት» የተባለ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ቄሱ ተንከባልሎ የሚወድቅበት ነው። ለትዕይንቱ ደረጃው ጎማ ለብሶ፣ ባለሙያ ወድቆበት ተቀረጸ። የመታሰቢያ ሰሌዳ የተሰቀለለት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቢዘገይም ደረጃዎቹ ስላልፈረሱ ሰሌዳው የሚሰቀልበት ግድግዳ አገኘ።

ፒያሳ ግን አልጠበቀችም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩት አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተሠሩ ፊልሞቻችን ውስጥ እነዚያ ጠባብ መንገዶች፣ የእንጨት ሰገነቶችና የቆርቆሮ ጣሪያዎች አሉ፤ አንዳንዴ ለሦስት ሰከንድ፣ ከተዋናዩ ትከሻ ጀርባ። ትናንት ተራ ጀርባ የነበረው ዛሬ ማስረጃ ሆኗል። ስለዚህ ዳይሬክተሮቻችንን የምለምነው ቀላል ነገር ነው፦ በፊልሙ መጨረሻ፣ ከተዋንያኑ ስም ቀጥሎ፣ የትኛው ትዕይንት የት ሰፈር፣ በየትኛው ወር እንደተቀረጸ ጻፉ። ጥሬ ቀረጻውንም አታጥፉ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ካርዱን ለሌላ ሥራ ሲባል መደምሰስ የተለመደ እንደሆነ የአክስቴ ልጅ ነግሮኛል።

እርሱ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ፊልም ዶሮ ማነቂያን ገና ሳይነጋ ቀርጾ ነበር። ዳቦ የተሸከመች ሴት፣ በሩን የሚከፍት ልብስ ሰፊ፣ ከቁልቁለቱ እየሮጠ የሚመጣ ልጅ። ትዕይንቱ ረዘመ ተብሎ ከፊልሙ ተቆርጦ ወጣ፤ እርሱ ግን ጥሬውን በሐርድ ዲስክ አስቀርቶታል። ተረክቦ በሥርዓት የሚያስቀምጥለት ሲያፈላልግ ቆይቶ አላገኘም። ሁለተኛ ቅጂ እዚህ ፊላደልፊያ እንዲቀመጥ ተስማምተናል፤ የዲስኩን ዋጋ እኔ እችላለሁ። የሥራ ባልደረቦቹ ምን እንዳላቸው እየጠየቀልኝ ነው። እዚህ ያሉ ሁለት ወዳጆቼም ዲስክ ለመግዛት ቃል ገብተዋል።